የሜቶዲስት ጉባኤ ፕሮግራሞችና ከጀርባቸው ያለው ጥያቄ



በአሜሪካ ከተሞች ካሉት የአማርኛ ተናጋሪ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መካከል የራሳቸው ሕንፃ የሌላቸው ብዙ ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡት፣ ጠዋት አሜሪካውያን አምልከው በወጡበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ከእነዚህ አከራዮች አንዳንዶቹ ሜቶዲስቶች ናቸው። ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ወደ ሰንበት ትምህርት ክፍል ሲያስገቡ በኮሪደሩ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያያሉ፤ ወንበር ላይ የተረሳውን የእሑድ ወረቀት አንሥተው ያነባሉ። ከዚያም ይጠይቁናል፦ «ፓስተር፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? እንደ እኛ ያምናሉ? ይህ ሁሉ ፕሮግራምስ ምንድን ነው?»

በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ እንደ አቅሜ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ። ወረቀቱ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ከመቁጠር ይልቅ ግን ብዙዎቹ ከየት እንደ መጡ ማየቱ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ከሥራቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ ያ ጥያቄ ዛሬ በእኛም ጉባኤዎች ውስጥ መልስ ይፈልጋል።

ስሙ ከየት መጣ?

«ሜቶዲስት» መጀመሪያ የማሾፊያ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1729 በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ሰዎች እየተሰበሰቡ አዲስ ኪዳንን በግሪክኛ ማንበብ፣ መጾም፣ ከዚያም እስረኞችን መጎብኘት ጀመሩ። ቀናቸውን በሰዓት ከፍለው በሥርዓት ስለሚኖሩ ሌሎች ተማሪዎች «ባለ ዘዴዎቹ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። መሪያቸው ጆን ዌስሊ የአንግሊካን ቄስ፣ የቄስም ልጅ ነበር። ይህ ሰው ይህን ሁሉ እያደረገ የመዳን እርግጠኝነት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1738 በለንደን አልደርስጌት በሚባል መንገድ በተደረገ ትንሽ ስብሰባ ላይ ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መቅድም ሲነበብ ሰምቶ፣ ለመዳኑ በክርስቶስ ብቻ እንደ ታመነ ይመሰክራል። በሚቀጥለው ዓመት በብሪስቶል ከተማ አካባቢ ለድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች በሜዳ ላይ መስበክ ጀመረ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስንማር ስለ ዌስሊ የሚነገረን ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ልቡ ተነካ፣ በሜዳ ሰበከ፣ ብዙዎች ዳኑ። የዳኑትን ሰዎች ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረጋቸው ግን በቂ ጊዜ አንሰጠውም። የሜቶዲስትን ጉባኤ ኑሮ መረዳት የሚቻለው በዚያ በኩል ነው።

ወረቀቱ ላይ ምን አለ?

የፕሮግራም ዓመታቸው የሚጀምረው ትምህርት ቤት ሲከፈት በሴፕቴምበር ነው፤ እኛ እንቁጣጣሽን በምናከብርበት ሰሞን ማለት ነው። የልጆች ትምህርት፣ የመዘምራን ልምምድ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሁሉ ከበጋ ዕረፍት በኋላ ያን ጊዜ ይመለሳል። ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት የጋራ ማዕድ ደግሞ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከቤቱ ያበሰለውን ይዞ መጥቶ አብሮ የሚበላበት ነው። እንግዳ ሆናችሁ ብትጋበዙ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የእኛ እናቶች እንጀራና ዶሮ ወጥ ይዘው ሲቀርቡ ወረፋው በዚያ በኩል እንደሚረዝም አስቀድሜ ልንገራችሁ።

የሴቶች ማኅበራቸው የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1869 በቦስተን ከተማ ጥቂት ሴቶች ተሰብስበው ያቋቋሙት የሴቶች የውጭ አገር ሚስዮን ማኅበር በዚያው ዓመት ኢዛቤላ ቶበርን የተባለችውን መምህርትና ክላራ ስዌይን የተባለችውን ሐኪም ወደ ሕንድ ላከ። ዛሬ አንዲት አጥቢያ አሮጌ ልብስና ዕቃ ሸጣ ገንዘብ ስታሰባስብ ስታዩ ነገሩን በቀላሉ አትመልከቱት፤ የሚስዮን ሥራቸው ከእንዲህ ያለው የእናቶች ትጋት ብዙ ተጠቅሟል።

በበልግ የአጥቢያው ዓመታዊ ጉባኤ ይደረጋል። የአውራጃው የበላይ ተመልካች ወይም እርሱ የወከለው አገልጋይ ይመራዋል፤ የአገልጋዩ ደመወዝ ይወሰናል፣ ኃላፊዎች ይመረጣሉ። ፓስተሩን የሚመድበው ግን አጥቢያው ሳይሆን ጳጳሱ ነው፤ ምደባውም በየዓመቱ ይታያል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው። እኛ ዘንድ አንድ መጋቢ ካልሄደ ወይም ካልተጣላ በስተቀር አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ እነርሱ ዘንድ መጋቢ መለወጡ የተለመደ ስለሆነ ጉባኤው በሰው ላይ እንዳይመሠረት ይረዳል። በሌላ በኩል ደግሞ ምዕመኑን ገና ስም በስም ሊያውቅ ሲል የሚነሣ አገልጋይ አለ።

የኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ «የቅዱሳን ሁሉ ቀን» ተብሎ ይከበራል። ስሙን ሰምታችሁ አትደናገጡ፤ ለቅዱሳን ጸሎት የሚቀርብበት አይደለም። በዚያ ዓመት ከጉባኤው በሞት የተለዩት አባላት ስም አንድ በአንድ ይነበባል፤ በብዙ አጥቢያዎችም በእያንዳንዱ ስም አንድ ጊዜ ደወል ይደወላል። ስብከት ባይኖርበት እንኳ ያ ጸጥታ ይሰብካል። ከዚያ ከልደት በፊት ያሉት አራት እሑዶች ይመጣሉ፤ በየሳምንቱ አንድ ሻማ እየተጨመረ ይበራል። እኛ ታኅሣሥ 29 ቀን ገናን ስናከብር እነርሱ ዛፋቸውን አንሥተው ስለሚጨርሱ አዳራሹ ባዶ ሆኖ እናገኘዋለን።

በጌታ እራት ጊዜ በጽዋው ውስጥ ያለው የሚያሰክር ወይን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1869 ቶማስ ዌልች የሚባል ሜቶዲስት የጥርስ ሐኪም የወይን ጭማቂን አፍልቶ ሳይቦካ የሚቆይበትን መንገድ አገኘ፤ ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያኑ ስካርን ስትቃወም በገበታው ላይ የቦካ ወይን መቅረቡ ከብዶት ነበር። ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ የምናየው በስሙ የሚጠራው ጭማቂ ከዚያ የመጣ ነው። ማዕዳቸው ክፍት ነው፤ ክርስቶስን የሚወድና ንስሐ የገባ ሁሉ የእነርሱ አባል ባይሆንም ይጋበዛል። ሕፃናትን ያጠምቃሉ፤ ልጆቹ ወደ አሥራዎቹ ዕድሜ ሲደርሱ ተምረው እምነታቸውን በራሳቸው አፍ ይመሰክራሉ። በዚህ ከእኛ እንለያለን፤ ልዩነቱን መሸፈን አይጠቅምም።

ሌላም የምትሰሙት ነገር አለ። በአሜሪካ ትልቁ የሜቶዲስት ቤተ እምነት፣ ዩናይትድ ሜቶዲስት የሚባለው፣ በጋብቻና በግብረ ሰዶም ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሲከራከር ቆይቶ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት ከ7,600 በላይ አጥቢያዎች ተለይተውታል። ከእነርሱም ብዙዎቹ በ2022 በተመሠረተው ግሎባል ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ገብተዋል። በ2024 በሻርለት ከተማ የተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ቀድሞ የነበሩትን ክልከላዎች አንሥቷል። ስለዚህ «ሜቶዲስት» የሚለውን ምልክት አይቶ ስለ አጥቢያዋ አቋም መደምደም አይቻልም፤ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጉዳይ የእግዚአብሔር ቃል ግልጽ ነው ብለን የምናምን ሰዎች ነን። ይሁንና የዛሬው ርእሳችን እርሱ ስላልሆነ እዚህ ላይ እንተወውና ወደ ተነሣንበት እንመለስ።

በሳምንት አንድ ፔኒ

እ.ኤ.አ. በ1739 በብሪስቶል ዌስሊ የስብሰባ አዳራሽ ማሠራት ጀመረ። ሕንፃው ዛሬም ቆሞ ይገኛል፤ አዲሱ አዳራሽ ይባላል። እንደ ብዙዎቻችን ሕንፃዎች ዕዳ ነበረበት። እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 1742 ወንድሞች ዕዳውን እንዴት እንክፈል ብለው ሲመካከሩ፣ ፎይ የሚባል የመርከብ አዛዥ ተነሥቶ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ ይስጥ አለ። አንድ ሰው ብዙዎቹ ድሆች ስለሆኑ አይችሉም ሲለው፣ እንግዲያው ከሁሉ ድሃ የሆኑትን አሥራ አንድ ሰዎች ለእኔ ስጡኝ፣ በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፣ መስጠት ካልቻሉ እኔ እሞላላቸዋለሁ የሚል መልስ ሰጠ። ሌሎችም እንደ እርሱ ለማድረግ ፈቀዱ። ጉባኤው በአሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ሰው ተከፈለ። እነዚህን ቡድኖች «ክላስ» አሏቸው፤ የትምህርት ክፍል ማለታቸው ሳይሆን ምድብ ማለታቸው ነበር።

ለእኛ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ዕድር እናውቃለንና። የዕድር ገንዘብ ያዥ በየቤቱ ሲዞር ማን እንደ ታመመ፣ ማን ከሚስቱ እንደ ተጣላ፣ የማን ልጅ ከቤት እንደ ጠፋ ሳይፈልግ ያውቃል። በብሪስቶልም የሆነው ይኸው ነው። ፔኒ ሊሰበስቡ የሄዱት መሪዎች ያላሰቡትን አዩ። አንዱ ሰክሮ ተገኘ፤ ሌላው ቤቱ በጠብ የተሞላ ሆነ። ለዌስሊ መጥተው ሲነግሩት፣ ለረጅም ጊዜ ሲፈልገው የነበረው ነገር ይህ መሆኑን ወዲያው ተረዳ። በእጁ ብዙ ሺህ ሰው ነበረው፤ እርሱም በፈረስ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞር ሰው ነው። መንጋውን በስም የሚያውቅለት ሰው ያስፈልገው ነበር (ምሳ. 27፥23፤ ዮሐ. 10፥3)።

በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1743፣ ያወጣው አጠቃላይ ደንብ የምድብ መሪውን ሥራ ይዘረዝራል። መሪው በምድቡ ያሉትን እያንዳንዳቸውን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ማየት አለበት። ነፍሳቸው እንዴት እንደ ሆነች ይጠይቃል፤ እንደ አስፈላጊነቱ ይመክራል፣ ይገሥጻል፣ ያጽናናል፤ ለድሆች የሚሰጡትን ይቀበላል። ከዚያም ለአገልጋዩ ማን እንደ ታመመና ማን በሥርዓት እንደማይሄድ ያስታውቃል። መጀመሪያ ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር፤ ኋላ ግን ጊዜ ስለሚወስድና ሰው ፊት ለፊት ሲገናኝ አለመግባባት ቶሎ ስለሚፈታ ምድቡ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ላይ መሰብሰብ ጀመረ። መሪዎቹ ቀሳውስት አልነበሩም። ነጋዴዎች፣ የእጅ ሙያተኞች፣ ብዙ ሴቶችም ነበሩ።

ለዚህ ስብሰባ መምህር አያስፈልግም ነበር። መሪው ስለ ራሱ ነፍስ ይናገራል፣ ከዚያም እያንዳንዱን በተራ ይጠይቃል። ይህ ሳምንት እንዴት አለፈ? ጸሎትህስ? ፈተና ገጥሞህ ነበር? ከዚህ ይለይ የነበረ ሌላ ትንሽ ቡድንም ነበራቸው፤ እርሱ በፈቃድ የሚገባበት፣ ወንዶች ለብቻ ሴቶች ለብቻ የሚሆኑበት፣ ኃጢአትን እርስ በርስ የሚናዘዙበት ነው (ያዕ. 5፥16)። ምድቡ ግን ለሁሉ ነበር። ሜቶዲስት መሆን ማለት በአንድ ምድብ ውስጥ መሆን ማለት ነበር። በየሦስት ወሩ ለእያንዳንዱ አባል ትንሽ ቲኬት ይሰጠው ነበር። ዳቦና ውኃ እየተካፈሉ የሚመሰክሩበት «የፍቅር ማዕድ» የሚባለው ስብሰባም ያለ ቲኬት አይገባበትም።

ጥያቄው የምር ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1743 ዌስሊ በኒውካስል ያለውን ጉባኤ ሲመረምር 64 ሰዎች ከአባልነት እንደ ተሰናበቱ በማስታወሻው ጽፏል፤ ምክንያታቸውንም ዘርዝሯል። በስካር 17፣ በመሳደብና በመራገም 2፣ ሰንበትን በመሻር 2፣ የሚያሰክር መጠጥ በመሸጥ 2፣ በጠብና በአምባጓሮ 3፣ በውሸት 3፣ በሐሜት 4፣ በስንፍና 1፣ ሚስቱን በመደብደብ 1። የቀሩት 29ኙ፣ ማለትም ከሁሉ የሚበዙት፣ በግድየለሽነት ነው የተሰናበቱት። ይህን ዝርዝር ሳነብ የሚገርመኝ የቅጣቱ ክብደት አይደለም። ሚስቱን የሚደበድበው ያ አንድ ሰው መታወቁ ነው። በስንቶቻችን ጉባኤ ይህ ይታወቃል?

ይህን ታሪክ ይዛችሁ የእሑዱን ወረቀት መልሳችሁ ብትመለከቱ ብዙው ነገር ሌላ መልክ ይይዛል። አዳር ጸሎት መጀመሪያ በኪንግስዉድ የከሰል ቆፋሪዎች ዘንድ ተጀመረ፤ እነዚህ ሰዎች ከማመናቸው በፊት ቅዳሜ ሌሊት በመጠጥ ቤት ያድሩ የነበሩ ናቸው። ዌስሊ በወር አንድ ጊዜ፣ ሙሉ ጨረቃ በሚቀርብበት ዓርብ፣ እንዲደረግ አዘዘ፤ ሰዎቹ በጨለማ እንዳይደናቀፉ በጨረቃ ብርሃን ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። እኛ በዘመን መለወጫ የምናደርገውን አዳር ስናስብ ዘመዳሞች ነን ማለት ይቻላል። ዙረኛ ሰባኪዎችም የምድቡ ሌላ ፊት ናቸው። በአሜሪካ ፍራንሲስ አዝበሪ እ.ኤ.አ. ከ1771 ጀምሮ በ1816 እስኪሞት ድረስ በፈረስ እየዞረ ሰብኳል። ሰባኪው ወደ አንዲት መንደር የሚደርሰው በብዙ ሳምንታት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ በመካከሉ ጉባኤውን የሚጠብቁት የምድብ መሪዎች ነበሩ።

ጥያቄው ሲቀር

ታዲያ ይህ ነገር ዛሬ በየአጥቢያው አለን? በብዙዎቹ የለም። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ዙረኛው ሰባኪ ቤት ተሠርቶለት በአንድ ቦታ መኖር ሲጀምር ሰው ሁሉ «መጋቢው አለ» አለ፤ የምድብ መሪው ሥራ ቀስ በቀስ ወደ መጋቢው ሄደ፣ መጋቢው ደግሞ ለሁሉ አልደረሰም። ምድቦቹ ከአሥራ ሁለት አልፈው ሲበዙ ተራ ለሁሉ አይዳረስም፤ ስብሰባው ወደ ትምህርትነት ተለወጠ። ሜቶዲስቶች ሀብታምና የተከበሩ ሰዎች ሲሆኑም ስለ ነፍሳቸው መጠየቁን የሚያሳፍር ነገር አድርገው የቆጠሩት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1866 የአሜሪካ ደቡባዊው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በምድብ መገኘት የአባልነት ግዴታ መሆኑን አስቀረ። ያን ጊዜ የተቀየረው ሕጉ ነው፤ ልማዱ ቀድሞ ሞቷል።

ፕሮግራሞቹ ግን አልቀሩም። ማዕዱ አለ፣ መዘምራኑ አሉ፣ ኮሚቴዎቹ እንዲያውም በዝተዋል። ዛሬ አባል ሲቀበሉ በጸሎት፣ በመገኘት፣ በስጦታ፣ በአገልግሎትና በምስክርነት እንዲተጋ ቃል ያስገቡታል። አምስቱም መልካም ናቸው። ከዓመት በኋላ «ከአምስቱ የትኛው ከበደህ?» ብሎ የሚመጣለት ሰው ከሌለ ግን ቃሉ በመዝገብ ላይ ይቀራል።

ሁሉም ቦታ እንዲህ ሆነ ማለቴ አይደለም። በኮሪያ የሜቶዲስት አብያተ ክርስቲያናት ትንንሾቹን የቤት ስብሰባዎች እስከ ዛሬ በምድብ ስም ይጠራሉ፤ በዕድገታቸውም ውስጥ ትልቅ ስፍራ ነበራቸው። በአሜሪካም ምድቡን ለመመለስ የሚደክሙ አገልጋዮችና መምህራን አሉ።

የእኛ ምድቦች

ይህን ሁሉ የምናገረው ከሩቅ ቆሜ ለመተቸት አይደለም። የኢትዮጵያ ወንጌላውያን ይህን ነገር ከዌስሊ ሳይሆን ከመከራ ተምረነዋል። በ1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1982) ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሕንፃዎች ዘጋ፣ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። ምዕመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ሆነው ተሰበሰቡ። መዝሙር በሹክሹክታ፣ ጫማ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ እየገቡና እየወጡ። ሲዘጋ 5 ሺህ ገደማ የነበሩት አባላት ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ወጡ። ሌሎችም ቤተ እምነቶቻችን በተለያየ ጊዜና ቦታ ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ከስብሰባ ቢቀር በዚያው ቀን ይጠየቅ ነበር፤ ታሞ ይሆናል፣ ታስሮ ይሆናል፣ ፈርቶ ይሆናል። የቀረውን ሰው አለመጠየቅ ለሁሉም አደጋ ነበር።

አሁን ነፃነት አለ። በውጭ አገር ባለው ኑሯችን ደግሞ ፕሮግራም ሞልቶናል። ማክሰኞ የስልክ ጸሎት መስመር፣ ዓርብ የጾም ጸሎት፣ ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ከሌላ ከተማ አገልጋይ ተጋብዞ የሚደረግ ኮንፈረንስ። ለዚህ ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ወንድም፣ በሁለት ሥራ መካከል መኪናዋ ውስጥ የምትተኛ እህት፣ ከጉባኤው ለሦስት ወር ብትጠፋ ወይም ቢጠፋ ማን ያውቃል? «ፈረቃው ተቀይሮ ይሆናል» እንላለን። ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይሆናል እንላለን። አንዳንድ ጊዜ የምንሰማው ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ዕድሩ ለቀብር ገንዘብ ሲሰበስብ ነው።

«የቤት ለቤት ኅብረት አለን» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥሩ ነው፤ ግን በውስጡ ምን እንደሚደረግ እንመልከት። በብዙ ቦታ የቤት ኅብረት ማለት የእሑዱ ጉባኤ በትንሹ ማለት ነው። መዝሙር ይዘመራል፣ አንድ ወንድም ለአርባ ደቂቃ ያስተምራል፣ ይጸለያል፣ ሻይ ይጠጣል። ሰው ስለ ነፍሱ አፉን ሳይከፍት ዓመት ሊያልፍ ይችላል። የባህላችንም ነገር አለ። «እንዴት ነህ?» ሲባል መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ሰላምታችን ውብ ነው፤ ለመሸሸጊያም ይመቻል። ስለዚህ የምድብ ጥያቄ በሰላምታ ቦታ ሊቀመጥ አይችልም። የራሱ ጊዜና ጸጥታ ያስፈልገዋል፤ መጀመሪያ የራሱን የሚናገር መሪም ያስፈልገዋል።

አደጋውንም መናገር ይገባኛል። በምድብ የተነገረ ነገር በማግሥቱ በስልክ ከተወራ ያ ምድብ ዳግመኛ አይሰበሰብም፤ በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ሐሜት ቤተሰብ ያፈርሳል። መሪው በሰው ሕይወት ላይ አዛዥ ሆኖ የት እንደሚሠራና ማንን እንደሚያገባ መወሰን ከጀመረም ነገሩ ከወንጌል ወጥቷል። ሴትን ብቻዋን የሚጠይቅ ወንድ መሪ መኖር የለበትም። ግፍና ድብደባ ሲሰማ ደግሞ «እንጸልይበታለን» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ተጎጂዋን ከአደጋ ማውጣት ይቀድማል፣ ሕጉም ይህን ይጠይቃል።

ለመጀመር ትልቅ መዋቅር አያስፈልግም። የአባላት መዝገብ ያለው ጉባኤ ስሞቹን ለአሥር ለአሥራ ሁለት ከፍሎ ለታመኑ ሰዎች ሊሰጥ ይችላል፤ ለአስተማሪነት ጸጋ ላላቸው ሳይሆን ለሚያዳምጡ። በእንዲህ ያለ ሥራ ብዙውን ጊዜ ከወንድሞች ይልቅ እናቶች ይበልጣሉ። መሰብሰብ ባይቻል እንኳ በሳምንት አንድ ስልክ ይቻላል። ኑሯችን በፈረቃ ስለሆነ ሌሊት የሚሠሩት በአንድ ምድብ ቢሆኑ ይሻላል፤ ለእነርሱ ምቹ የሆነው ሰዓት ንጋት ላይ ሊሆን ይችላል። መሪዎቹ በወር አንድ ጊዜ ከመጋቢው ጋር ተቀምጠው ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ራቀ ይነጋገራሉ። አዲስ ፕሮግራም ለመጨመር ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ መጀመሪያ ይህ ዝርዝር ቢነበብ የትኛው ፕሮግራም እንደሚያስፈልግ ራሱ ይናገራል (ዕብ. 10፥24-25)።

በጥር መጀመሪያ ላይ የሚመጣው እሑድ

ከሜቶዲስት ጎረቤቶቻችን ፕሮግራም አንዱን ለይቼ ላመላክታችሁ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እንግዶችን የሚጋብዙበት ነው። በብዙ አጥቢያዎች፣ በሁሉም ባይሆን፣ የፈረንጆች ዓመት በገባ በመጀመሪያው እሑድ የኪዳን እድሳት አምልኮ ይደረጋል። ጊዜው ለእኛ ገና ሰሞን ነው። ይህን ሥርዓት ዌስሊ ከቀደሙት ፒዩሪታኖች ጽሑፍ ወስዶ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1755፣ ሰኞ ማታ፣ በለንደን ስፒታልፊልድስ በነበረው የፈረንሳዮች ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ አደረገው። ወደ 1,800 ሰዎች ቆመው ለኪዳኑ መስማማታቸውን ገለጹ።

በዚህ አምልኮ ሰው በደኅንነቱ ላይ አዲስ ነገር አይጨምርም፤ በክርስቶስ የተደረገለትን አስታውሶ ራሱን መልሶ ያስረክባል። የሚባለው ቃል ከባድ ነው። ጌታ ለሥራ ቢያሰማራኝም ወደ ጎን ቢተወኝም፣ ቢሞላልኝም ባይሞላልኝም የእርሱ ነኝ የሚል ሐሳብ አለበት። በስደት አገር ወረቀቱን ለዓመታት ለሚጠብቅ፣ በአገሩ መምህር ሆኖ እዚህ መኪና ለሚያቆም ወንድም ይህን በአፉ ማለት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ነው ዌስሊ ሰዎቹን በድንገት ያላስገባቸው። አስቀድሞ ለበርካታ ቀናት የኪዳኑን ትርጉም አስረድቷቸዋል፤ ዓርብ ብዙዎቹ ጾመው ጸልየዋል፤ ሰኞ ተሰበሰቡ።

ጥሪው ከደረሳችሁ እንግዲህ በዚያው ጠዋት ወረቀቱን ተቀብላችሁ ከማንበብ፣ ሳምንት ሲቀር ከቢሯቸው ጠይቃችሁ ቃሉን ውሰዱ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች በአማርኛ ተተርጉሞ በትልቁ ፊደል ይጻፍላቸው። በየምድባችሁም፣ ምድብ ካላችሁ፣ አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ ከኪዳኑ ቃል ውስጥ የትኛውን ለማለት እንደሚከብዳችሁ ተነጋገሩበት። አምልኮው በጌታ እራት ያበቃል፤ ለጌታ እራት እንደምትዘጋጁት ተዘጋጅታችሁ ሂዱ።